ትግሉ ማክሰኞ ይቀጥላል

ሳሊተ ምሕረት አካባቢ «የገብረሰንበት ቤት የት ነው?» ብለህ ብትጠይቅ የሚያሳይህ አታገኝም ነበር። «የታጋዩስ ቤት?» ካልክ ግን ባለሱቁም፣ ሊስትሮውም፣ በር ላይ ኳስ የሚያንከባልለው ሕፃንም እጅህን ይዞ ያደርስህ ነበር። ነበር ነው የምልህ። ዛሬ ያንን ስም የሚጠራው የለም፤ ለምን እንደሌለ ልንገርህ።

ገብረሰንበት ታጋይ የተባለው በረሃ ወርዶ አይደለም። ጠመንጃ ጨብጦ አያውቅም፤ ኧረ እሱ ለፋሲካ ዶሮ ማረድ ሲከብደው ጎረቤት የሚጠራ ሰው ነው! የሱ ትግል ሁለት ሰው ፍራሽ ላይ ተያይዞ አንዱ አንዱን በጀርባው የሚያስተኛበት ስፖርት ነው። በልጅነቱ ከአክሱም መጥቶ የአንድ ፋብሪካ ስፖርት ክለብ ገባ፤ እዚያ ለምዶ፣ በስልሳ ሁለት ኪሎ ተመርጦ፣ በ1979 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ በተደረገው የመላው አፍሪካ ጨዋታዎች ተወዳደረ። ተሸነፈም። ምን ይደረጋል፣ ተሸነፈ! ግን የተሸነፈው በነጥብ ነው። በትግል ሁለቱ ትከሻህ አንድ ላይ ፍራሹን ከነካ ጨዋታው እዚያው አበቃ፤ ወደቅክ ይባላል። የገጠመው ናይጄሪያዊ እንደ ጆንያ እያነሳ ቢያፈርጠውም ገብረሰንበት በአንገቱና በተረከዙ ተወጥሮ ጀርባውን ከፍራሹ አላቆ ቆየ። ይህን ታጋዮች ድልድይ ይሉታል። ሰዓቱ እስኪያልቅ ድልድዩ አልፈረሰም።

ከዚያ ወዲህ ሰውዬው የሚኮራባት አንዲት ነገር ነበረችው፤ «ሁለቱ ትከሻዬ አብረው መሬት ነክተው አያውቁም።» ሠርግ ላይ ይላታል፣ ለቅሶ ቤት ይላታል፣ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶም አፉን ከፍቶ እንደተቀመጠ ለሐኪሙ ሊላት ሞክሯል። ሚስቱ አስመረት ገና «ሁለቱ» ሲል ነው ተነስታ ወደ ጓዳ የምትሄደው።

በሰማንያ ሦስት ከተማው በበረሃ ታጋዮች ሲሞላ ታዲያ ስሙ ጣጣ አመጣለት። ሻይ ቤት ተቀምጦ ሳለ አንዱ ጓደኛው «ታጋዩ!» ብሎ ሲጠራው፣ ጥግ ላይ የነበረ ጠጉሩ የጎፈረ መሣሪያ ያነገተ ልጅ ብድግ ብሎ አቀፈው። የአገሩ ልጅ፣ የትግል ጓድ ያገኘ መስሎታል። «የት ነበርክ?» አለው በትግርኛ። ገብረሰንበትም የዋህ ነው፣ «ስልሳ ሁለት ኪሎ» አለዋ! ልጁ ግንባሩን ቋጠረ። «አራት ኪሎን አሳይተውኛል፤ ስድስት ኪሎንም አውቃለሁ። ስልሳ ሁለት ኪሎ ደግሞ በየት በኩል ነው?» ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ነገሩ ሲብራራለት ልጁም ሳቀ፣ ሻዩንም እሱ ከፈለ። ያን ጊዜ ቃሉ ያስቅ ነበር።

ገብረሰንበት ኑሮውን የሚገፋው ኢምፔሪያል አጠገብ የመኪና መለዋወጫ በመሸጥ ነው። ልቡ ግን ገርጂ ውስጥ፣ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ አዳራሽ ነው ያለው። አሮጌ ፍራሽ ለቃቅሞ፣ በሸራ አልብሶ፣ የሰፈር ልጆች ሰብስቦ ትግል ያስተምራል። ትንሽ ካረፉ ደግሞ ታሪክ ያስተምራቸዋል፤ ትግል በጥንቶቹ ግሪኮች ኦሎምፒክ እንደነበረ፣ ኦሎምፒክ በአቴንስ እንደ አዲስ ሲጀመርም እንደነበረ፣ ሴቶች ደግሞ በ1996 እዚያው አቴንስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደገቡበት። ይህችን የመጨረሻዋን ሲናገር ዓይኑ ወደ ልጁ ወደ ዳናይት ይሄዳል። የተወለደችው በዚያው ዓመት ነው፤ እሱ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው አይደለም። በ2005 የዓለም ኦሎምፒክ ሰዎች ትግልን ከውድድሩ እናውጣው ሲሉ ዘመድ የሞተበት ይመስል እህል አልቀምስ ብሎ ነበር። ከወራት በኋላ መልሰው ሲያስገቡት ለሰፈሩ ሁሉ ለስላሳ አጠጣ። አስመረት «እኔ ስታመም እንዲህ ሆነህ ታውቃለህ?» ብላ አኮረፈችው።

ዳናይት በሃምሳ ኪሎ የምትታገል፣ ቀጫጫ ግን እንደ ሽቦ የጠነከረች ልጅ ሆነች። አባትና ልጅ አክራ ላይ ይደረጋል የተባለውን ቀጣዩን የአፍሪካ ጨዋታ እያሰቡ ነበር የሚያድሩት። አብሯት የሚለማመደው ቢሩክ የጎረቤታቸው የወይዘሮ የሻሽወርቅ ልጅ ነው። የሻሽወርቅ ደግሞ ተራ ጎረቤት አይደለችም፤ ዳናይትን ክርስትና ያነሳቻት እሷ ናት። በሁለቱ ግቢ መካከል ያለው አጥር ላይ በር ከፍተውበት ዓመታት አልፈዋል።

ከዚያ ያ ኅዳር መጣ። የ2014 ኅዳር።

ጦርነቱ ወደ መሐል አገር ተጠጋ ተባለ። ከተማው ጆሮውን ቀስሮ ያድራል፤ በየሰፈሩ ወጣቶች ዱላ ይዘው መታወቂያ ያያሉ። የትግርኛ ስም ያለው ሰው ታክሲ ውስጥ ስልኩ ሲጮኽ አያነሳም። አስመረት ባሏንና ልጇን ከበር ሳይወጡ ትይዛቸውና «ድምፃችሁን ቀንሱ፤ በአማርኛ ብቻ አውሩ» ትላቸዋለች። አንድ ቀን ሕፃናቱ «ታጋዩ! ታጋዩ!» እያሉ ሲከተሉት ሰምታ ነጠላዋን ሳትለብስ ወጣች። «እናንተ ልጆች፣ በእመቤቴ ይዣችኋለሁ፣ ይህን ስም ተዉልን!» አለቻቸው። ገብረሰንበት ሳቀ። «አንቺ ደግሞ! እኔ የስፖርት ነኝ። አገር ያውቀኛል እኮ!»

አይ ገብረሰንበት! አገር ያውቀኛል ብሎ ነገር! አገር ስንቱን ያውቅ ነበር።

ኅዳር ሚካኤል በዚያ ዓመት እሑድ ዋለ። እሑድ ልምምድ አለ፤ ገብረሰንበት ግን በሚካኤል ልምምድ አያደርግም። ስለዚህ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ አዳራሹን ሲዘጋ፣ በዓል በመጣ ቁጥር እንደሚያደርገው፣ ካርቶን ቀደደና በቀይ ማርከር ጻፈ። «ዛሬ ሚካኤል ነው፣ የለም» የምትለዋን ከላይ በትንንሹ፤ ከሥሯ ደግሞ ልጆቹ ከሩቅ አይተው እንዳይሳሳቱ ብሎ በትልልቁ፣

«ትግሉ ማክሰኞ ይቀጥላል!»

ቃለ አጋኖውን ለምን አስገባው ትለኛለህ? ሁልጊዜም ያስገባታል። ካርቶኗን በሩ ላይ ለጠፈና ወደ ቤቱ ሄደ። ክፉ ነገር የሠራ መሆኑ በሐሳቡ ቢመጣ ኖሮ እጁን ይቆርጠው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሰፈሩ ኅዳርን ሊያጥን የሰበሰበውን ቆሻሻ ሲያቃጥል፣ በዚያ ጭስ ውስጥ ዳናይት የረሳችውን ጫማ ልታመጣ ወደ አዳራሹ ሄደች። ቁልፉን ስትከፍት ሦስት የሰፈር ጠባቂዎች ደረሱባት። አንደኛው ካርቶኑን በዱላው ጠቆመና «ማክሰኞ ምንድነው የሚቀጥለው?» አላት።

«ትግሉ» አለች።

«የምን ትግል?»

እሷ ምን ታውቃለች፣ ልጅ ናት፤ ሳቀች። ሳቋ ነው ያስያዛት። «በሰው ሞት ትስቂያለሽ?» አሏት። መታወቂያዋን አዩ፤ የአባት ስም፣ የአያት ስም። «ማነው የጻፈው?» ሲሏት ሳቋ ደረቀ። አባቷ ሽማግሌ ነው፣ ጉልበቱን ያመዋል። «እኔ ነኝ» አለች፤ ይዘው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዷት። ይህን ሁሉ በኋላ ለገብረሰንበት የነገረው የጋራዡ ዘበኛ ነው፤ ቆሞ እያየ አፉን አልከፈተም ነበር፣ ፈርቶ።

ገብረሰንበት ጣቢያው በር ላይ ሲደርስ ትንፋሽ አጥሮታል። «እኔ ነኝ የጻፍኩት! ልጄ አይደለችም፤ እኔን አስገቡኝ!» አለ። በር ላይ ያለው ወጣት ፖሊስ ቀና ብሎም አላየው። «ሁሉም አባት እንዲህ ነው የሚለው። ዞር በል ከበሩ።» አልዞረም። ስፖርት ነው አለ። ናይሮቢ አለ። ግሪኮች አለ፣ አቴንስ አለ፣ ከ1896 ጀምሮ በፈረንጅ አቆጣጠር አለ። አጠገቡ ለልጆቻቸው ምሳ ይዘው የቆሙ እናቶች ያበደ መሰላቸው፤ አንዷ ክንዱን ይዛ በጥላ በኩል አስቀመጠችው። እዚያ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ማን ምን ይለኛል አላለም።

ቤት ሲመለስ አስመረት አልጮኸችበትም። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር። «ያንን ቃል ተው ብዬህ ነበር» ብቻ አለችው፣ ቀስ ብላ፣ በትግርኛ። ከዚያም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

ማክሰኞን ያየ ሰው ይመስክር! ጣቢያው ያን ቀን ጥበቃውን አጠናከረ፤ ማክሰኞ የሚባል ነገር አለ ተብሎ ተነግሯላ። ከውጭ የቆመው ገብረሰንበት ግን ከፖሊሶቹም ይበልጥ ማክሰኞን ይፈራል። ኢምፔሪያል ላይ የአንድ አይሱዙ ጎማ ቢፈነዳ ልጄ አለቀላት ይላል በልቡ። መብራት ቢጠፋ፣ ሁለት ሰካራሞች ቢደባደቡ፣ የሆነ ቦታ ጭስ ቢታይ፣ ሁሉም በሷ ላይ ነው። አስመረት ሳሊተ ምሕረት ደጅ ተደፍታ «የዛሬን ምንም አይሁን፤ ቅጠል እንኳ አይውደቅ» ስትል ዋለች። ምንም ሳይሆን ማክሰኞ አለፈ። ገብረሰንበትም አሁንስ ይፈቷታል ብሎ ረቡዕ በጠዋት ተገተረ። ማን ይፍታለት! ይልቅ በሩ ላይ ወሬ ጠበቀው፤ የታሰሩትን ከከተማ ሊያወጧቸው ነው ተባለ።

ያን ቀን ጉልበቱ መሬት እስኪነካ ለምኖ አንድ ኃላፊ ፊት ቀረበ። ላጲሶ ይባላል፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። እስኪጨርስ ሰማው። በዚያ ሰሞን ይህም ትልቅ ነገር ነበር።

«አባት፣ ነገሩ የኔ ማመንና አለማመን አይደለም» አለው። «ለበላዬ ምን ብዬ ልናገር? ስፖርት ነው አሉኝ ልበል? ሁሉም አንድ ነገር ይላል።»

«ጌታዬ፣ ኦሎምፒክ ላይ እኮ...»

«ኦሎምፒኩን ይተዉት። ሩጫ ቢሆን ማንም ያውቀዋል። ይሄንን ግን እኔ አይቼው አላውቅም፤ ትግል ሲባል የማውቀው ሌላውን ነው።» ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ካለ ያሳዩኝ። ነገ ጠዋት የሚታገልዎትን ሰው ይዘው ይምጡ። በዓይኔ ካየሁ አይቻለሁ ብዬ እፈርማለሁ። ግን ከሰዓት መኪና ይመጣል። ከዚህ ከተጫነች እኔም የት እንዳለች አላውቅም።»

ገብረሰንበት ከዚያ ወጥቶ ለተማሪዎቹ በሙሉ ደወለ። አንዱ ዝግ ነው። አንዱ ይጠራል አይነሳም። አንዱ «ተሳስተዋል» ብሎ ዘጋበት፤ በድምፁ ግን ለይቶታል፣ ራሱ ያሳደገው ልጅ ነው። አልተቀየመም። የሚቀየምበት አቅም ከየት ይምጣ? የቀረው ቢሩክ ብቻ ነበር። ቢሩክን ደግሞ እናቱ ከእሑድ ጀምሮ ከቤት አላስወጣችውም፤ በአጥሩ መካከል ያለችውንም በር ዘግታታለች።

በዋናው በር ዞሮ አንኳኳ። የሻሽወርቅ በሩን በግማሽ ከፈተች፤ ግባ አላለችውም። በሃያ ዓመት ጉርብትና ግባ ሳትለው ስትቀር የመጀመሪያዋ ነው።

«የሻሽዬ፣ ቢሩክን አውሺኝ» አላት።

«ልጅ ይዋሳል እንዴ ገብሬ?»

«ለነገ ጠዋት ብቻ። አሳዩኝ ብሎኛል ሰውዬው። ብቻዬን ልታገል አልችልም፤ ሰው ያስፈልገኛል።»

የሻሽወርቅ ዓይኗ በእንባ ሞላ፤ በሩን ግን አልለቀቀችም። «እሷም ልጄ ናት። ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ፣ ከእሑድ ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም። ግን ያንተን ልጅ ለማስወጣት የኔን ላስገባ? አንተ ብትሆን ትልከው ነበር? እስቲ እውነቱን ንገረኝ።»

ገብረሰንበት አሰበ። ሊዋሽ ፈለገ፤ አልቻለም። «አልልከውም» አለና ተመለሰ።

ሐሙስ ጠዋት ሌላ ምንም ስላልነበረው ብቻውን ሊሄድ ተነሳ። ከፖሊሶቹ አንዱን እለምናለሁ፣ ይደብድበኝም፣ ብቻ ይያዘኝ እያለ የግቢውን በር ሲከፍት፣ የሻሽወርቅ ነጠላዋን ተከናንባ ከነልጇ ቆማለች። ፊቷ በአንድ ሌሊት ተለውጧል። «እኔም አብሬ እሄዳለሁ» አለች። «ካስገቡት እኔንም አብረው ያስገቡኛል።»

የጣቢያው ግቢ ከግንባታ የተረፈ ጠጠርና ሲሚንቶ የፈሰሰበት ነው። ፍራሽ የለ፣ ሸራ የለ። ገብረሰንበት ኮቱን አውልቆ ለየሻሽወርቅ ሰጠና በጥቁር ሹራቡ ቀረ። ፖሊሶቹ ሥራ ፈትተው ከበቡ። አንገት ለአንገት ሲያያዙ «ተነፋፍቀው ነው መሰለኝ!» አለ አንዱ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ቢሩክ መምህሩን በስሱ ጎተተ፣ በስሱ ገፋ፣ ተለቃቀቁ፣ ዞሩ።

«ይሄ እስክስታ ነው» አለ የበሩ ፖሊስ። «ትናንት ማታ ተለማምደውት የመጡት ነው።»

ላጲሶ ሰዓቱን አየ። «ማለቂያው ምንድነው? ማን አሸነፈ የሚባለው መቼ ነው?»

«ሁለቱ ትከሻ አብረው መሬት ሲነኩ» አለ ገብረሰንበት።

«እሱን አሳዩኛ።»

ገብረሰንበት ወደ ቢሩክ ተጠጋና በጆሮው «ጣለኝ» አለው። «ከልብህ ጣለኝ። ካዘንክልኝ ልጄ ሄደች።» ቢሩክ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ወሰደ። ከዚያ ገባበት፤ ወገቡን አቅፎ አነሳውና ጠጠሩ ላይ አፈረጠው። የሻሽወርቅ «በስመ አብ!» ብላ ዓይኗን ሸፈነች።

አሁን መውደቅ ነበረበት። መውደቅ ብቻ! እሱ ግን አልወደቀም። ሰውነቱ አሻፈረኝ አለ። ሽማግሌው ሊተኛ ይፈልጋል፣ አንገቱ ግን እንደዚያ እንደ ናይሮቢው ቀን ተወጠረ፣ ተረከዙ ጠጠሩን ነከሰ፣ ጀርባው ከመሬት ተላቀቀ። ድልድዩን ሠራ። ሳያስበው፣ ሳይፈልገው። ቢሩክ በደረቱ ተጫነው፤ አልፈርስ አለ። «ጋሼ፣ ይልቀቁት» እያለ ያለቅሳል ልጁ ከላይ ሆኖ፤ «በማርያም ይልቀቁት።»

ያኔ ነው ከወዲያ ከመስኮቱ ብረት ኋላ ድምፅ የመጣው። «አባዬ! አባዬ በርታ! ድልድዩን እንዳትፈታው!»

ዳናይት ናት። ምን ተባብለው እንደመጡ አልሰማችም፣ አባቷ ለምን እንደሚታገል አታውቅም። የምታየው አባቷ በባላጋራዎች መካከል ድልድዩን ሠርቶ ነው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትሰማው ያደገችው ነገር በዓይኗ ፊት። «በርታ አባዬ!» ከኋላዋ ሌሎች ታሳሪዎችም መጮኽ ጀመሩ። አንገቱ የባሰ ጠነከረ። አባት ነዋ፣ ልጁ በርታ ስትለው እንዴት ይላላ? ላጲሶ ደግሞ ጩኸቱን አልወደደውም። ሰዓቱን እንደገና አየና ወደ ቢሮው አንድ እርምጃ ዞረ።

ገብረሰንበት ያን እርምጃ ከታች ሆኖ አየ። ዓይኑን ጨፈነ። መጀመሪያ ተረከዙን ለቀቀ። ከዚያ አንገቱን። የግራ ትከሻው ነካ፤ ትንሽ ቆይቶ የቀኙም ነካ። ቢሩክ በላዩ ላይ ተደፍቶ ቀረ። ከመስኮቱ ድምፅ ጠፋ፤ ማንም እንደዚያ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም ትላለች የሻሽወርቅ።

«አለቀ?» አለ ላጲሶ።

«አለቀ» አለ ገብረሰንበት፣ እንደተኛ፣ ወደ ሰማይ እያየ።

«ይሄው ነው ትግል ማለት?»

«ይሄው ነው ጌታዬ። ሌላ ምንም የለውም።»

ላጲሶ ለበሩ ፖሊስ «ልጅቷን አምጣት» አለው። ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ዞሮ «አባት፣ ለነገሩ ስሙን ቀይሩት» አለ። ክፋት አልነበረውም ሲለው፤ መምከሩ ነው።

ዳናይት ወጣች። የሻሽወርቅ ዘላ ተጠመጠመችባት፣ ፊቷን ሁሉ ሳመቻት፣ «ይቅር በይኝ» አለቻት፤ ልጅቷ ስለምኑ እንደሆነም አላወቀች። ዓይኗ አባቷ ላይ ነው። ከጥቁሩ ሹራብ ጀርባ፣ በግራና በቀኝ ትከሻው ላይ፣ የሲሚንቶው አቧራ ሁለት ነጭ ምልክት ሠርቶ ተቀምጧል። ልታራግፍለት እጇን ዘረጋች። ሸሸት አለባት።

ወደ ኢምፔሪያል በእግራቸው ሄዱ፤ ማንም ታክሲ ለመያዝ አልቸኮለም። የሻሽወርቅ ኮቱን ይዛለች፣ ልበስ ብትለው አይሰማም። ዳናይት ብዙ ታግሣ ታግሣ በመጨረሻ አልቻለችም።

«አባዬ፣ ለምን ፈታኸው? ይዘኸው ነበር እኮ። አይቼሃለሁ፣ ይዘኸው ነበር!»

ቢሩክ አፉን ከፈተ። ገብረሰንበት በዓይኑ ተው አለው። ዳናይት ያንን ዕዳ ተሸክማ እንድትኖር አልፈለገም። «ደከመኝ» አላት። አላመነችውም፤ ደግሞም ተናደደች። እየተናደደች ክንዱን ይዛ ሄደች።

አደባባዩ አጠገብ መታወቂያ የሚያዩ ልጆች አስቆሟቸው። አንደኛው፣ ትሕትና ያለው ልጅ፣ ካርዱን አየና ቀና አለ፤ የሽማግሌውን የተቦጫጨቀ ክርንና የጀርባውን አቧራ ተመለከተ። «አባት፣ ምን ሆነው ነው? ከማን ጋር ተጣልተው ነው?»

ለዚህ ጥያቄ ገብረሰንበት ዕድሜ ልኩን አንድ መልስ ነበረው። ጆሮው ሲያብጥም፣ ጉልበቱ ሲወልቅም፣ ገና ጎረምሳ ሆኖ እናቱ ስትጠይቀውም የመለሰው ያንኑ ነው፤ ታግዬ ነው። ቃሉ እስከ ምላሱ ጫፍ መጣ። ክንዱን የያዘችው የልጁ እጅ ሲጠብቅ ተሰማው። ወደ እሷ ሳያይ ቃሉን ዋጠው።

«ወድቄ ነው» አለ።

«ሁለቱም ትከሻዎ?»

«አዎ ልጄ፣ ሁለቱም።»

«እግዜር ይማርዎት» አለ ልጁና መንገዱን ለቀቀላቸው። ዳናይት ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። አባቷን አየችው፣ ከዚያ ፊቱን ያዞረውን ቢሩክን አየችው፣ ከዚያ መልሳ አባቷን። ወደ ጀርባው ዞረችና በመዳፏ አቧራውን ማራገፍ ጀመረች፤ መጀመሪያ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን። አሁን አልሸሸም። አራግፋ እስክትጨርስ ቆመላት።